የምርጫው ቀን መርዶ

ባለፈው ሳምንት የፖለቲካ ሳይንስ መምህራችን አንድ ምዕራፍ አንብበን እንድንመጣ ሰጥታን ነበር። ጸሐፊው አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የምርጫ ዘመቻ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ተቀናቃኝ ለመጣል የሠራውን ተንኮል አንድ በአንድ ጽፎታል፤ በተቀናቃኙ ስም ስለተበተነ የሐሰት ደብዳቤ፣ ሆን ተብሎ ስለተሳሳተ የምርጫ ጣቢያ አድራሻ፣ ይህን የመሰለ ነገር። ሰውየው ቀልድ ያውቃል። ስንወያይበት ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «እንዲህ ባለ ነገር ደግሞ ማን ይሸወዳል?» አለኝ።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ክፍል ውስጥ ለመናገር ያኔ ገና አልደፈርኩም ነበር። መልሱም ረጅም ነበር። የሚጀምረው በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ካናዳ ውስጥ ከካልጋሪ ወደ ኮክረን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የመኪና መሪ በሁለት እጄ ጨብጬ ነው።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው እንደ አሁኑ ራንድል በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ነው። እናቴ የምትሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ስለሆነና ሺፍቷ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ፣ መኪና መንዳት የሚያለማምደኝ ሰው ፈልጋ ጋሽ ኃይለአብን ለመነቻቸው። ጋሽ ኃይለአብ ሰባዎቹን የጀመሩ የአስመራ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የተማሩት በአማርኛ ስለሆነ፣ አማርኛቸው ከእኛ ቤት አማርኛ ይልቅ የጠራ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጃቸው ኮርነርስቶን የሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝታ «እኔ ጋ ይግቡ» ብትላቸው እምቢ ብለው፣ ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ አንድ ምድር ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር።

ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው በድምፃቸው ነው። የእድራችን ጠሪ እሳቸው ነበሩ። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው፣ ለአባላቱ የሚደውሉት እሳቸው፣ ሰው አሰባስበው በማለዳ ወደ ሐዘንተኛው ቤት የሚሄዱትም እሳቸው። ስማቸው ስልኳ ላይ ሲወጣ እማዬ ቆማ ከሆነ ትቀመጥ ነበር። ይህን ስለሚያውቁ ለሌላ ጉዳይ ሲደውሉ ከሰላምታ በፊት «ሰው አልሞተም!» ይላሉ። ደግሞ ጥንቁቅ ናቸው። ከአገር ቤት ሁለት ሰው ጠይቀው ሳያረጋግጡ ለማንም ደውለው አያውቁም። በዚህ ጥንቃቄያቸው ሁሉም ያመሰግናቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሲመሰገኑ ወሬ ይቀይራሉ። እኔ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የሶሻል ስተዲስ አስተማሪያችን፣ በምርጫ ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው አነጋግረን እንድንጽፍ አዘዘን። ጋሽ ኃይለአብ ወደ ካናዳ ከመምጣታቸው በፊት አሜሪካ ውስጥ ለፖለቲከኛ ሠርተዋል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ከእሳቸው የተሻለ ሰው አልታየኝም። ጥሩ ማርክ እፈልግ ነበር። ከማርኩም ይልቅ አስተማሪው ጽሑፌን አንስቶ ለክፍሉ እንዲያነብልኝ እፈልግ ነበር።

ቅዳሜ ነበር፤ የዐቢይ ጾም አጋማሽ። ሌሊቱን ሽኑክ የምንለው ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን በአንድ ጊዜ ስላቀለጠው፣ መንገዱ ዳር ሁሉ ጭቃ ውኃ ይወርድ ነበር። ከከተማው ወጥተን ኮረብታው ጫፍ ላይ ስንደርስ ተራሮቹ ከፊታችን ድንገት ብቅ አሉ። እግሬ የነዳጅ መርገጫው ላይ ሳላውቀው ከበደ።

«ቀስ! ተራራው የትም አይሄድም» አሉኝ። «ሚረር ቼክ አድርጊ። እሺ፣ አሁን ሌን ቀይሪ።»

ሌን ከቀየርኩ በኋላ ልቤ ሲረጋ፣ «ጋሼ፣ አሜሪካ እያሉ ፖለቲካ ውስጥ ሠርተዋል አይደል? ለአሳይመንት ኢንተርቪው ላደርግዎት ነበር» አልኳቸው።

«ፖለቲካ ውስጥ? ፖለቲካ ጓሮ በዪው!» ብለው ሳቁ። «ሬከርድ አድርጊ እንግዲህ። እጅሽን ግን ከመሪው አታንሺ፤ እኔ እከፍተዋለሁ።»

ስልኬን ከፍተው ከፊታችን አስቀመጡት። ከዚያ እስከ ኮክረን ድረስ የሰማሁትን እስከዛሬ ለሰው ስነግር እኔ የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። ጋሽ ኃይለአብ በአንድ የአሜሪካ ከተማ ውስጥ፣ ለከተማው ምክር ቤት እንደገና ለመመረጥ ለሚወዳደር ሰው ነበር የሠሩት። የዘመቻው አለቃ ሬይ ይባላል። ከአፉ የሱፍ ፍሬ የማይለይ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር አሉ። ሬይ የራሱን እጩ ፖስተር በራሱ ሰዎች አስቀድዶ፣ በማግሥቱ ጋዜጠኛ ጠርቶ «ተቀናቃኛችን ምን እንዳደረገች ተመልከቱ» ይላል። ልክ ሰው ራት ሲቀርብለት በተቀናቃኟ ስም ቤት ለቤት ያስደውልና፣ ደዋዮቹ ባለጌ እንዲሆኑ ያዛል። የተቀናቃኟን የአባት ስም የያዘ አንድ ሥራ ፈት ሰው ፈልጎም፣ ድምጿን እንዲከፍልባት ብቻ እጩ አድርጎ አስመዘገበው።

«ሰውየው ምን ብሎ ቅስቀሳ አደረገ?» አልኳቸው።

«ምንም። ሙሉውን የምርጫ ወቅት ዓሣ ሲያጠምድ ነው የከረመው። ግን ብዙ ሰው መረጠው!»

በሳቅ መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራ ዓለም ከእኔ አንድ ክንድ ርቆ፣ ሹራብ ለብሶ፣ የሱሪውን ጉልበት እያሻሸ መቀመጡን ማመን አቃተኝ። በቴሌቪዥን የማየው የዚያ ትልቅ አገር ምርጫ፣ ባንዲራውና ፊኛው፣ ከኋላው ይህን የመሰለ ኩሽና እንዳለው ማን ነገረኝ?

ኮክረን ስንደርስ አይስክሬም ቤቱ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ሰልፉን ስመለከት አዩኝና፣ «ጾም ነው፤ ዓይንሽም ይጹም» ብለው የተጠበሰ ድንች ገዙልኝ። ለራሳቸው ሻይ ያዙ። ነፋሱ የድንቹን ወረቀት እየነጠቀን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሻዩን ሳይጠጡ ይዘውት ቆዩ። እኔ የአሳይመንቴን ርዕስ ነበር የማስበው።

ስንመለስ ስልኩን ራሳቸው እንደገና ከፈቱት። «እስካሁን ያልኩሽ የሬይ ነው፤ አሁን የእኔን ስሚ» አሉ።

ዓይኔ መንገዱ ላይ ስለነበር ፊታቸውን አላየሁም። ድምፃቸውን ብቻ ነው የሰማሁት።

በዚያ ወረዳ ብዙ የእኛ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የታክሲ ሾፌሮችና የፓርኪንግ ሠራተኞች። ተቀናቃኟ ወጣት ጠበቃ ስትሆን በሥራቸው ጉዳይ አብራቸው ስለቆመች፣ ሁሉም እሷን ሊመርጡ ተዘጋጅተዋል። ሬይ ጋሽ ኃይለአብን የቀጠራቸው እነዚህን ሰዎች እንዲያባብሉለት ነበር። አልሆነም። ምርጫው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢሮው ጠርቶ አስቀመጣቸውና፣ «የአንተ ሰዎች ሥራቸውን ሁሉ ጥለው የሚሄዱበት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አሜሪካ ስገባ መምህር ነበርኩ» አሉኝ ጋሽ ኃይለአብ። «ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ስለእኛ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ይሄ ሰው የሱፍ ፍሬውን አስቀምጦ ሲያዳምጠኝ ደስ አለኝ፤ አስተማርኩት። ለቅሶ ነው አልኩት። ሐዘንተኛዋ ራሷ መጨረሻ ነው የምትሰማው፣ ተሰብስበን በማለዳ ሄደን ነው መርዶ የምንነግራት አልኩት። ‹ከዚያ በፊት አንድ ሰው ደውሎ ቢጠይቃትስ?› አለኝ። ‹በፍጹም፣ ማንም አይደውልላትም፣ እንዳትጠረጥር እንጠነቀቃለን› አልኩት። ‹ታዲያ እውነት መሆኑን በምን ታውቃላችሁ?› አለኝ። ‹የደወለልንን ሰው እናምናለን› አልኩት።»

ከኋላችን አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጥቶ አለፈን። መኪናችን በነፋሱ ተወዛወዘች።

«ያዣት። ጎበዝ» አሉኝ። «ከሁለት ቀን በኋላ ዕቅዱን ይዞ መጣ። ‹ሦስት ስልክ ብቻ› አለኝ። ደወልኩ። በምርጫው ዋዜማ ለሦስት ሰዎች፣ የለምለም እናት አርፈዋል፣ ነገ ጠዋት ቤቷ እንገናኝ አልኩ። ሦስቱ ለሌላው ደወሉ።»

ለምለም የፓርኪንግ ሠራተኞቹን ለምርጫው ያደራጀችው ሴት ነበረች። እናቷ አስመራ ናቸው፤ በሕይወት ነበሩ። የምርጫው ቀን ጠዋት፣ መራጭ ሊያመላልሱ የተዘጋጁት ታክሲዎች ለቀስተኛ አመላለሱ። ለምለም ወደ ምርጫው ልትወጣ ለብሳ በሯን ስትከፍት፣ ደረጃው ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመዋል። ማንም ቃል ሳይናገር ወደቀች።

ጋሽ ኃይለአብ እዚያ አልነበሩም፤ ቢሮ ነበሩ። የሆነውን ከሌሎች ነው የሰሙት። ጉዳዩ አጠራጣሪ መሆኑን አንዱ ደርሶበት ሲደውልላቸው፣ «የሰማሁት ከአገር ቤት ነው፣ ስልኩ ጥራት አልነበረውም፣ ምናልባት የሌላ ለምለም እናት ይሆናሉ» አሉት። እሱም አመናቸው። አስመራ ተደውሎ፣ ከስንት ሙከራ በኋላ እናትየው ራሳቸው ቀርበው «አለሁ ልጄ» አሏት። ለምለም ግን አልተጽናናችም። እኛ ሞትን እንደምንደብቅ ታውቃለች። «እናቴ ካልሆነች ማን ነው? ደብቃችሁኝ ነው» እያለች ወንድሞቿን፣ እህቷን፣ አክስቶቿን በየስማቸው እየጠራች፣ አንድ በአንድ ስልክ ላይ ካልቀረቡልኝ አለች። ያ ሁሉ ሰው እንዲያ ሆና እያያት እንዴት ጥሏት ይሂድ? ለመምረጥ ይቅርና ለሺፍቱም የወጣ አልነበረም። የመጨረሻዋ አክስት ድምፅ ሲሰማ የምርጫ ጣቢያዎቹ ተዘግተዋል። ጠበቃዋ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች።

«ሬይ እጄን ጨበጠኝ» አሉ ጋሽ ኃይለአብ። «‹በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አላየሁም› አለኝ። ንጹሕ!»

ሜዳው፣ አጥሩ፣ ገና ያልቀለጠው በረዶ በመስኮቱ ያልፋል። የሚገርመኝ፣ በዚያ ሰዓት የተሰማኝ ቁጣ አልነበረም። አንድ አማርኛም ትግርኛም የማያውቅ ሰው፣ እናቶቻችን ሐዘንን ለማቅለል የሠሩትን ሥርዓት በአንድ ጥያቄ ከእጃችን ወስዶ መሣሪያ ማድረጉ አፌን አስያዘኝ። የማላውቀው ነገር ሰማይ ላይ ሲሄድ እያየሁ እንደቆምኩ ያህል ነበር።

ራንድል ደርሰን መኪናውን ፓርክ ሳደርግ የፈለጉትን ነገሩኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እድሩ ጠቅላላ ስብሰባ አለው፤ አባላቱ ሊቀመንበር ሊያደርጓቸው ተስማምተዋል። «ከተመረጥኩ በኋላ ይህን መናገር አልችልም። ከተናገርኩም ላይመርጡኝ ብቻ አይደለም፤ ስልኬን የሚያነሳ ላይኖር ይችላል። ከልጄና ከእነሱ ሌላ ደግሞ ሰው የለኝም» አሉ። «አንቺ ጻፊው፣ ስብሰባው ላይም አንቺ አንብቢው። እኔ ከጀመርኩ አሳምረዋለሁ። የሬይን ቀልድ ስናገር ሃያ ዓመት ሆነኝ።»

ጻፍኩ። አራት ቀን ሙሉ ጻፍኩ። ሦስቱ ስልኮች ጋ ስደርስ ግን እጄ እምቢ አለኝ። እማዬ እሑድ ስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆና እንደምትቀመጥ አስብ ነበር፤ የእድሩን አባላት ጋሽ ግርማንና እትዬ አልጋነሽን፣ በየቤቱ የሚወዷቸውን ሰዎች ሁሉ አስብ ነበር። ስለዚህ ሬይ አታለላቸው ብዬ ጻፍኩ። ስልኩን ደግሞ የቢሮው ሰዎች አስደወሉት አልኩ። ሳነበው አማረልኝ። ለጋሽ ኃይለአብ ውለታ የዋልኩ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተከራየነው አዳራሽ ተሰበሰብን። ሽሮና አልጫ ተበልቶ፣ ልጆች በወንበሮቹ መካከል ይሯሯጣሉ። የጋሽ ኃይለአብ ጥያቄ ነው ተብሎ ተነሥቼ አነበብኩ። መጀመሪያ ላይ ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ግርማ፣ «ይህ ሁሉ ለአንድ የሰፈር ወንበር ነው? ለፕሬዚዳንት ቢሆን ሁላችንንም ገድለው ነበር!» ብለው አዳራሹን አሳቁት። ለምለም በሯን ስትከፍት ጋ ስደርስ ሳቁ ቆመ። እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንብቤ ስጨርስ ሊጨበጨብልኝ ትንሽ ነበር የቀረው።

ጋሽ ኃይለአብ ተነሡ። «ተቀመጪ ልጄ። ጥሩ አንብበሻል፤ እኔን ግን ዘለልሽኝ» አሉ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ። «ማንም አላታለለኝም። ዘዴውን የነገርኩት እኔ ነኝ። ሦስቱን ስልክ የደወልኩትም እኔ ነኝ። በዚሁ በምታውቁት ድምፄ።»

አንድ ሕፃን ኳስ ይዞ ሊሮጥ ሲል እናቱ ክንዱን ያዘችው።

«ሴትዮዋ ታውቃለች?» አሉ እትዬ አልጋነሽ።

«ባለፈው ወር ደወልኩላት። ነገርኳት።»

«ምን አለችዎት?»

«ዘጋችው።»

ጋሽ ግርማ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ኧረ ኃይለአብ! ኧረ አንተ ሰውዬ!» አሉ።

እማዬ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቆመች። «የአባቴን መርዶ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት» አለች። «እግርዎ ላይ ወድቄ፣ ውሸት ነው በሉኝ ብዬ ለመንኩዎት።»

«አስታውሳለሁ» አሉ። «ያን ቀን እንደ ያኔው የእኔ መርዶ ውሸት እንዲሆንልሽ ተመኝቼ ነበር።»

እማዬ ተቀመጠች። ጋሽ ኃይለአብ የአባላቱን ስልክ ቁጥር የያዘውን ደብተር ከኮታቸው ኪስ አውጥተው እሷ ፊት አኖሩት። ማንም «ይመልሱት» አላላቸውም። ሊቀመንበርነቱ ለጋሽ ግርማ ሆነ። ጥሪው ለእማዬ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የእድራችን ጥሪ በአንድ ሰው አይደረግም፤ ሁለት ሰው ይደውላል፣ ወሬውን ከአገር ቤት ማን እንዳረጋገጠም በስም ይናገራል። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት እትዬ አልጋነሽ ናቸው። ጋሽ ኃይለአብም ከሌላው ሰው እኩል እጃቸውን አውጥተው ደገፉት።

ስብሰባው ሲያልቅ ወንበር ሲያጥፉ አገኘኋቸው። አብሬያቸው አጠፍኩ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

«ለምን ዘለልሽው?» አሉኝ።

«እንዳይጠሉዎት ብዬ ነው ጋሼ።»

የያዙትን ወንበር ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «እኔም ያኔ ሬይ እንዲወደኝ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ወደሚቀጥለው ወንበር ሄዱ።

ይህ ከሆነ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለእኔ ግን የልጅነቴ መጨረሻ ይመስለኛል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቤታቸው የሚሄድ ሰው አልነበረም። አሁን ጥቂት ሰዎች ይሄዳሉ። ጋሽ ግርማ አንድ ቀን ጠዋት በረዶ ሊጠርጉላቸው መጥተው፣ እየተሳደቡ ጠርገውላቸው ሄዱ። ለምለም ግን መልሳ አልደወለችም። ትደውላለች ብለው እንደማይጠብቁ ነግረውኛል።

መምህራችን የሰጠችንን ምዕራፍ ትናንት እንደገና አነበብኩት። ጸሐፊው የሠራውን የሚናገረው ለማያውቁት ሰዎች ነው፤ እኛ ስንስቅ እሱ የሚያጣው ነገር የለም። ታሪኩ እንዴት እንዳማረለት ሳይ ፈራሁ፤ የእኔም ጽሑፍ እንዲሁ አምሮልኝ ነበርና። የሚገርመኝ የአንድ ምርጫ መሰረቅ አይደለም። ያን ያህል ትልቅ ነገር፣ ሰው እንዲወደን ከመፈለግ ከሚያህል ትንሽ ነገር መጀመሩ ነው የሚገርመኝ። ያቺ ትንሽ ነገር እኔም ውስጥ አለች። ትናንት ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን አውጥቼ ስጠይቅ፣ መምህሯ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ስትለኝ ደስ ሲለኝ አገኘኋት።